በአስታ ሜዳ የተደገመው ለቅሶ

ያለምወርቅ ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ የበረቱን በር ትከፍታለች። ላሚቱን ታልብና ወተቱን ለቅቤ ታስቀምጠዋለች፤ ሁዳዴ ስለ ሆነ የሚቀምሰው የለም። እበቱን ዝቃ በጓሮው ካብ ላይ ለኩበት ትለጥፋለች። ቀጥሎ ዳማውን ፈረስ ታወጣና በጭብጥ ሣር ጎኑን ታሸዋለች፤ እግሩን አንሥታ ሰኮናው ውስጥ ጠጠር እንዳልገባ ታያለች፤ ገብሱን ታቀርብለታለች። ፈረሱ በልቶ ሳይጨርስ አማቷ እማሆይ ወለተ ኪዳን ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳሉ። «እንዴት አደሩ?» ትላለች። «ተመስገን» ይላሉ። ከዚያ ሁለቱም ወደየሥራቸው ይሄዳሉ። የዚያ ቅዳሜ ጠዋትም እንደ ሌላው ቅዳሜ ነበር። ፈረሱን ጭና ወደ አስታ ሜዳ ወረደች።

አስታ ሜዳ ከደብረ ማርቆስ በላይ፣ በጮቄ ተራራ ወገብ ላይ ያለ ሰፊ መስክ ነው። ዙሪያውን የአስታ ዛፍ ከቦታል፤ በመካከሉ ከላይኛው የጓሳ ሣር መስክ የሚወርድ ቀዝቃዛ ወንዝ ያልፋል። ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት የአጥቢያው ሰው ከብቱን ያሰማራበት፣ በጥምቀት ፈረሱን ይጋልብበት፣ ሰው ሲሞትም ለቅሶ ይወጣበት ነበር። አሁን የጣሊያን ጦር ሹማምንት የበጋ ማረፊያ ሆኗል። የዓባይ በረሃ ሲነድና የከተማው አቧራ ሲያስቸግር፣ አዛዣቸው ሻለቃው እንግዶቹን ይዞ ካሚዮን እስከሚደርስበት በካሚዮን፣ ከዚያ በላይ በበቅሎ ይመጣል። ነጫጭ ድንኳን ተተክሏል፤ ተጣጣፊ ወንበርና ጠረጴዛ ተደርድሯል። ሴቶቹ የሚመጡት ከአዲስ አበባ ነው።

ጠዋት ወንዱም ሴቱም አንድ ላይ ወንዙ ውስጥ ገብቶ ይታጠባል። የሳሙናው አረፋ ሰው ውኃ እስከሚቀዳበት ድረስ ይወርዳል። ከዚያ ሣሩ ላይ የእንጨት ኳስ ያንከባልላሉ፤ ወታደሮቻቸውን በአህያ ላይ አስቀምጠው ያሽቀዳድማሉ፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ በጥይት ይገድላሉ። የገደሉትን ጭላዳ በጅራቱ ሰቅለው፣ አጠገቡ ተቃቅፈው ቆመው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። የምሳቸው ጥብስ ጢስ በጾም ቀን ቅዳሴ ሳይወጣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ይገባል። አጥንቱን ወንዙ ውስጥ ይጥሉታል። ከምሳ በኋላ ግራሞፎኑን ከፍተው ይደንሳሉ፤ ወይኑ ያሸነፈው ከድንኳኑ ጀርባ ሄዶ ያስመልሳል፤ ውሾቹም ይልሱታል።

ያለምወርቅ ይህን ሁሉ የምታየው ፈረሱን እየሳበች ነበር። የሌላው ሰው ፈረስ ሁሉ ለጦሩ ተወስዷል። ዳማው የተረፈው፣ የባሏ የአጎት ልጅ የሆነው ጭቃ ሹም አለበል፣ ቅዳሜና እሑድ ለሴቶቹ መጋለቢያ እንዲቀርብ ከሻለቃው ጋር ስለ ተስማማ ነው። ፈረሱን የምትወደው ነጭ ጃንጥላ የምትይዝ አንዲት ወፍራም ሴት ነበረች። ስኳር በጥርሷ ነክሳ ታቀርብለታለች፤ ፈረሱም ከንፈሩን አሹሎ ከአፏ ይወስዳል። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ። ያለምወርቅ ቤቷ ስትመለስ የፈረሱን አፍ በአመድና በውኃ ታጥበዋለች።

ፈረሱ የባሏ የባዘዘው ነው። ባዘዘው ከአርበኞች ጋር ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ቆላ ፈረስ ይገድላል ብሎ ትቶት ሄደ። በኅዳር ወር ከደጀን በታች በውጊያ ሞተ። መርዶውን በሹክሹክታ ያመጣው ከመርጡለ ማርያም የመጣ አንድ መነኩሴ ነው፤ ጓደኞቹ በድንጋይ ሥር እንደ ቀበሩት ነግሮ፣ ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። ለጣሊያን ሹሞች የተነገረው ባዘዘው ለጨው ንግድ ወደ ሰሜን እንደ ሄደ ነው። አርበኛ የወጣበት ቤት ይቃጠላል፤ አጥቢያውም አብሮ ይቀጣል። ስለዚህ ለባዘዘው ለቅሶ አልወጣም። ያለምወርቅ ጠጉሯን አልተላጨችም፤ ከል አልለበሰችም። እንዲያውም በየጊዜው ሹሩባ ትሠራለች። ጎረቤቷ እየጎነጎነች «ባልሽ መጥቶ ይይሽ» ስትላት «አሜን» ትላለች። እበት ስትዝቅ፣ በረቱ ውስጥ ብቻዋን ስትሆን፣ ፊቷን እንደ ፈለገች ታደርገዋለች።

ያን ቅዳሜ አለበል ከማብሰያው ድንኳን ጀርባ፣ ከአስተርጓሚው ከፍሥሐ ጋር ተቀምጦ ነበር። አጠገባቸው ድንጋይ ላይ የአጥቢያው አልቃሽ ማንጠግቦሽ ተቀምጣለች። አለበል ያለምወርቅን ሲያይ አፉን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ጥብስ ጥብስ ይሸታል።

«ነይ ያለም። ለፈረስሽ ሌላ ሥራ መጣለት።»

«ደግሞ ምን?»

«ለቅሶ ማየት ይፈልጋሉ።»

«የማንን ለቅሶ?»

«የማንንም። ያቺ ባለጃንጥላዋ በአማኑኤል መንገድ ስታልፍ ከሩቅ አይታ ከቲያትር ይበልጣል አለች። ነገ ከአህያው ሩጫ በኋላ፣ ከምሳ በፊት ይሁንልን ብለዋል። ፈረሱ በለምድ ይሸለማል፣ ማንጠግቦሽ ታወጣለች፣ ሰዉም ደረቱን ይመታል። አለቀ።»

«ማን ሞቶ?» አለች ያለምወርቅ።

«አንቺ ደግሞ። ለጨዋታ ሰው መሞት አለበት?»

ማንጠግቦሽ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ «አያ አለበል፣ እኔ ባዶ አላለቅስም» አለች። «ያልሞተውን ብጠራ ሞት እሺ ብሎ ይመጣል። ካልሆነ አንተን ላልቅስህ? ደግሞ ያምርብሃል፤ ወፍረሃል።»

ፍሥሐ ሳቀ።

«እኔን ተይኝ» አለ አለበል። «ገና ልጆቼን አላሳደግሁም።»

«ጣሊያን ያሳድግልሃል።»

«በይ እሺ፣ የድሮ ሙት ፈልጊ። አያቴን አልቅሺ።»

«አያትህ ያን ጊዜ ተለቅሶላቸዋል። ያለቀሰችላቸውም የኔው እናት ናት። የተለቀሰለት ሰው ዳግመኛ አይለቀስለትም፤ አንተም ታውቀዋለህ።»

አለበል ትዕግሥቱ አለቀ። «እንግዲያው ያልተለቀሰለት ሙት ፈልጉ። ነገ ግን እዚህ ለቅሶ ይኖራል። የለም ብዬ ሻለቃው ፊት የምቆመው እኔ ነኝ፤ እናንተ አይደላችሁም።»

ማንጠግቦሽ ግን ወደ ፈረሱ ተመለከተች፤ ቀጥላም ወደ እሷ። ከዚያ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

ማታ ያለምወርቅ ፈረሱን አስገብታ ወደ ቤት ስትገባ እማሆይ ወለተ ኪዳን መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። የልጃቸው ለምድ ከተሰቀለበት ወርዶ ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል። በእጃቸው አቧራውን ያራግፋሉ።

«ማንጠግቦሽ መጥታ ነበር» አሉ።

«ምን ብላ?»

«ያልተለቀሰለት ሙት እንዳለን ጠየቀችኝ። አለን አልኋት።»

ያለምወርቅ በሩን ዘጋች። «እማሆይ፣ ምን ማድረግዎ ነው?»

«የልጄን ለቅሶ ላወጣ ነው። ጠላት ራሱ አልቅሱ ብሎ ሜዳውን ሰጥቶናል። ፈረሱ ይኖራል፣ አልቃሿ ትኖራለች፣ ሰዉ ይመጣል። ማንጠግቦሽ በአባቱ ስም አትጠራውም፤ በፈረስ ስሙ ትጠራዋለች። አባ ገስግስን እኛ እናውቃለን፤ አስተርጓሚው የከተማ ሰው ነው፣ አያውቅም።»

«አለበል ያውቃል።»

«ይህን ያዘጋጀው ራሱ አለበል ነው። ለማን ይናገራል?»

«እነሱ እየበሉ? ያቺ ስኳር በአፏ የምታቀርበው ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ እያየች?»

«ይብሉ። ዝንብ በሬሳ ላይ ያርፍ የለም? ዝንብ አረፈበት ተብሎ ለቅሶ አይቀርም።»

ያለምወርቅ ነጠላዋን አውልቃ አጠፈችው። መልሳ ዘርግታ አጠፈችው። «እኔ አልፈልገውም» አለች። «በዚያ መልክ ከሚሆን ሳይለቀስለት ይቆይ። ቀን ያልፋል። በወጉ እናወጣለታለን።»

«አንቺ ወጣት ነሽ፤ መቆየት ትችያለሽ» አሉ እማሆይ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እኔ ስሞት እዚያ ያገኘኛል። እናቴ፣ ለቅሶዬን ለማን ተውሽው ቢለኝ ምን እለዋለሁ?»

ያለምወርቅ አማቷ ጎን ተቀመጠችና የለምዱን ሌላ ጫፍ ይዛ አቧራውን ታራግፍ ጀመር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳማውን ሸለመችው። ኮርቻውን ጫነች፤ ለምዱን በኮርቻው ላይ አለበሰችው፤ ጋሻውን በጎኑ አንጠለጠለችው። ባዘዘው በጥምቀት ቀን ሲወጣ እንደሚሸልመው አድርጋ ነው። ሜዳው ጫፍ ስትደርስ ቆመች። አለበል የጠራው ጥቂት ሰው ነበር፤ የመጣው ግን የሦስት አጥቢያ ሰው ነው። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። የነገራቸው ሰው ማን እንደ ሆነ አልታወቀም። ፈረሱን ሲያዩ መንገድ ለቀቁለት።

እንግዶቹ ከአህያው ሩጫ ገና መመለሳቸው ነበር። አንዱ ወታደር ከአህያው ወድቆ ጭቃ ለብሷል፤ በእሱ ላይ እየሳቁ ወንበሮቻቸውን ወደ ሜዳው አዞሩ። በየጠረጴዛው ላይ የተገመጠ ሥጋ፣ የወይራ ፍሬ፣ የተከፈተ ቆርቆሮ አለ። የወይራውን ፍሬ ይመጥጡና ዘሩን ሣሩ ላይ ይተፉታል። ከባድ ካሜራውን በሦስት እግር ያቆመ ሰው ከወንበሮቹ ፊት ለፊት ይንጎራደዳል። ጠመንጃ የያዙ አስካሪዎች፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ በዳር በዳር ቆመዋል።

ማንጠግቦሽ ወደ መካከል ገባች። ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፈረሱን አየችው። ከዚያ በቀጭን ድምፅ አወጣች፤

«ዳማው ብቻህን መጣህ፣ ጌታህ ወዴት ቀረ፣
አባ ገስግስ ዛሬ ከማን ቤት አደረ?»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ድምፁ መጀመሪያ ዝግ ያለ ነበር፤ አባ ገስግስ የሚለውን ስም የሰማ ሁሉ ለጎረቤቱ ዞሮ ሳይናገር ነገረው። ወንዶቹ ጀመሩ። ሽማግሌዎች ዘንጋቸውን ጥለው ደረታቸውን መቱ። አለበል ከሻለቃው ወንበር ጎን ቆሞ ነበር፤ ፊቱ አመድ መሰለ። አንድ ጊዜ ወደ ፍሥሐ፣ አንድ ጊዜ ወደ አስካሪዎቹ አየ። ቀጥሎ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ ጣለና ወደ ሰዉ ገባ። «ወንድሜን» አለ። ደረቱንም ይመታ ጀመር።

ያለምወርቅ የፈረሱን ልጓም ለአንድ ሽማግሌ ሰጠች። ከኅዳር ጀምሮ በየጊዜው የምታሠራውን ሹሩባ በሁለት እጇ ያዘችና መፍታት ጀመረች። በጥፍሯ ጉንጯን ነጨች። ወንበሮቹን አላየችም። ጥብሱ አልሸተታትም። እማሆይ ወለተ ኪዳን መሬት ላይ ተቀምጠው «ልጄ፣ ልጄ» ይሉ ነበር፤ ጎንበስ ብላ ያዘቻቸው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲያለቅሱ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

ፊሽካ ተነፋ።

ካሜራ የያዘው ሰው እጁን እያወዛወዘ ለሻለቃው ይናገራል። ሻለቃውም ከወንበሩ ሳይነሣ፣ በአፉ ያለውን እያላመጠ፣ ለፍሥሐ ነገረው። ፍሥሐ ወደ ሰዉ መጣ፤ መሬት መሬት እያየ ነው።

«ሻለቃው በጣም ወደውታል» አለ። «ግን ፀሐዩ በካሜራው ፊት ሆነ። ደግሞ ሲኞራዋ ተኝተው ነበር፣ አሁን ነው የወጡት፤ አላዩትም። ወደዚያ ማዶ ዞራችሁ ከመጀመሪያው ድገሙት ይላሉ።»

ባለጃንጥላዋ ከድንኳኗ ወጥታ የቀሚሷን ቁልፍ እየቆለፈች ነበር። አንዱ ወንበር ለቀቀላት።

«ለቅሶ አይደገምም በላቸው» አለች ማንጠግቦሽ።

«ይህን አልነግራቸውም፣ እትዬ።»

«ለምን?»

ፍሥሐ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጨዋታ ከሆነ ለምን አይደገምም ይላሉ። ጨዋታ አይደለም ካልኋቸው ደግሞ፣ የሞተው ማነው ይላሉ። እኔ ማን እንደ ሆነ አላውቅም፤ እንዳውቅም አታድርጉኝ።»

በሰዉ መካከል ሕፃናት ያዘሉ ሴቶች ነበሩ፤ የዳር አስካሪዎቹ ወሬ አቁመው ወደዚህ ያያሉ። አለበል ዓይኑን እየጠረገ «እባካችሁ» አለ፤ «እባካችሁ፣ ያቃጥሉናል።» ማንጠግቦሽ ግን ንቅንቅ አላለችም። «ሁለተኛው የፊተኛውን ይሽረዋል» አለች። «እኔ በራሴ ፈቃድ አልሽረውም። ባለቤቷ ትናገር።»

ሁሉም ወደ ያለምወርቅ አየ። የሹሩባዋ ግማሹ ተፈትቷል፣ ግማሹ እንደ ተጎነጎነ ነው። ጉንጯ ይደማል። ወደ አማቷ ዞረች። እማሆይ ሣሩን እያዩ ነበር፤ ቀና አላሉም። ከሻለቃው ጠረጴዛ ሳቅ ተሰማ፤ አንዱ ጊዜ እንዳይባክን ግራሞፎኑን ከፍቶታል።

ያለምወርቅ በልጓሙ ፈረሱን ይዛ ወደ ቤቷ ብትሄድ ምን እንደሚሆን አሰበች። ቤቷን ሲቃጠል በሐሳቧ አየችው፤ ከዚያ የጎረቤቷን ቤት፤ ከዚያ በስተኋላ ያለውን።

«ድገሙት» አለች።

ደገሙት። ወደ ማዶው ዞረው፣ ፀሐዩን ፊት ለፊት ተቀብለው ደገሙት። ማንጠግቦሽ ያንኑ ስንኝ በከፍተኛ ድምፅ አወጣች፤ ስሙን ግን ዘለለችው። ሴቶቹ ተቀበሏት። የመቱት ደረት ከመጀመሪያው ይልቅ ጮኾ ተሰማ፤ ሁሉም እኩል ይመታ ነበርና። ከዓይን እንባ አልወጣም። ባለጃንጥላዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታያለች፤ ጓደኛዋ የወይራ ፍሬ ታጎርሳታለች። በመካከሉ አንድ ቀይ ፊት መኮንን ብርጭቆውን እንደ ያዘ መጣና ለምዱን ከኮርቻው ላይ ገፎ ለበሰው። ከሴቶቹ መካከል ገብቶ ደረቱን እየመታ፣ እንደ እነሱ ጎንበስ ቀና እያለ፣ በቀጭን ድምፅ አላዘነ። ለምዱ ላይ ከብርጭቆው ወይን ፈሰሰ። ቀጥሎ ዘሎ ፈረሱ ላይ ወጣና ሜዳውን ዞረ። ጭብጨባው በዚያን ጊዜ ነው የደመቀው። ካሜራው ሠራ።

ሲያልቅ ስኳርና ብስኩት ታደለ። ብስኩቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። አንዳንዱ በሁለት እጁ ተቀበለ፤ የሚቀበለውን ያየው ሁሉ ፊቱን አዞረ፤ ተራው ሲደርስ ግን እሱም ተቀበለ። ባለጃንጥላዋ ወደ ያለምወርቅ መጥታ የደማ ጉንጯን አየች። አንድ ነገር በጣሊያንኛ ተናገረችና መሐረቧን በምራቋ አርጥባ ደሙን ጠረገችላት። ሽቶና ሥጋ ይሸታል። ያለምወርቅ እስክትጨርስ ድረስ ቆመችላት።

ቤት ደርሳ ጉንጯን በአመድ አሸችው፤ ቁስሉ እስኪያቃጥል አሸችው። ለምዱን አጠበችው። የወይኑ ነጠብጣብ አልለቀቀም። እማሆይ መደባቸው ላይ ጋደም ብለው ወደ ግድግዳው ዞረዋል።

«እማሆይ፣ ውኃ ልስጥዎ?»

«አይ።»

ለቅሶ ከወጣ በኋላ እዝን ይመጣል። ጎረቤት ሁሉ እንጀራውንና ወጡን ይዞ መጥቶ ከሐዘንተኛ ጋር ይቀመጣል፤ ወንዱ ደጅ፣ ሴቱ ውስጥ። ያለምወርቅ በማግስቱ ቤቱን ጠርጋ ጉዝጓዝ ጎዘጎዘች። ማንም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት እስከ አጥሩ ድረስ በጨርቅ የተሸፈነ መሶብ ይዛ መጣች፤ ጥቂት ቆመችና ተመለሰች። ያለምወርቅ አልተቀየመቻትም። እሷም ብትሆን ምን ብላ እንደምትገባ አታውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ጉዝጓዙን አውጥታ ለላሚቱ ሰጠች። የተፈታውን ግማሽ ጠጉሯን ራሷ ጎነጎነችው፤ ቅዳሜ ሲደርስ ፈረሱን ጭና ወደ ሜዳው ወረደች።

እማሆይ ወለተ ኪዳን በሚቀጥለው ክረምት ሞቱ። በወጉ ተለቀሰላቸው። እዝኑ ከቤት ተርፎ ደጅ ተቀመጠ፤ አለበልም በሬ አምጥቶ አረደ። ለቅሶው ላይ የባዘዘውን ስም ያነሣ የለም።

ጣሊያን ሲወጣ ፈረሱን ይዞት ሄደ። ድንኳኖቹ ተነቅለው የቆሙበት ሣር ቢጫ ሆኖ ቀረ፤ ከወንዙ ዳር ለብዙ ጊዜ ቆርቆሮና አጥንት ይለቀም ነበር። በዚያ ዓመት በአስታ ሜዳ በየሳምንቱ ለቅሶ ይወጣ ጀመር። በበረሃ የቀሩት፣ በእስር የሞቱት፣ መርዷቸው ተደብቆ የቆየው ሁሉ በየተራ ተለቀሰላቸው። ሴቶች ዘግይተውም ቢሆን ጠጉራቸውን ተላጩ፤ ከል ለበሱ። የባዘዘው ተራ ሲደርስ ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ተነጋገሩ። ግማሾቹ ወጥቶለታል፣ እኛው አልቅሰናል አሉ። ግማሾቹ ያ ለቅሶ አይደለም አሉ። አለበል በዳር ተቀምጦ ሣር ይነጭ ነበር፤ ሲጠየቅ «እኔ ምን አፍ አለኝ» አለ። ማንጠግቦሽን አስጠሯት።

«የፊተኛውን አልቅሼለታለሁ» አለች። «እውነተኛ ነበር። በሁለተኛው ሻርሁት። ሦስተኛ የሚባል ለቅሶ እናቴም አላስተማረችኝ። ያለም፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ያለምወርቅ በሰው ፊት ብዙ መናገር አልለመደችም። «እነሱ ያዩት ይበቃል» አለች። «ሰው እንደገና ሳለቅስ ሲያየኝ ያቺን ቀን ያያል። እኔም እነሱን አያለሁ። ተዉት።»

ተዉት። ሽማግሌዎቹ መርቀው ተነሡ።

ከአስታ ሜዳ አጥቢያ ወጥተው ከሞቱት አርበኞች ሁሉ ለቅሶ የሌለው ባዘዘው ነው።